የቀናው እጅ

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ የሰው እጅ ለብሶ ፑል መጫወት ብርቅ አልነበረም። ፀሐይዋ በረድ ስትል ሰው ከሥራው ይወጣል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ፑል ቤት ጎራ ይልና ከመስቀያው ላይ ያማረውን እጅጌ አውርዶ ያጠልቃል፤ ከዚያ ስቴካውን፣ የኳስ መምቻውን ዘንግ፣ ይዞ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ነው። እጅጌ የሚሉት ከአንገት ሥር ጀምሮ እስከ ጣት ጫፍ የሚደርስ፣ እንደ ሴት ካልሲ የሳሳ ጨርቅ ነው። ውስጡ የአንድ ጎበዝ ተጫዋች አነጣጠር ተቀድቷል። ክርኑ እስከ የት እንደሚሄድ፣ አንገቱ ምን ያህል እንደሚያጎነብስ፣ ስቴካው በየትኛው ዓይኑ ሥር እንደሚያልፍ ጨርቁ ያስታውሳል፤ የለባሹንም ጡንቻ ቆንጠጥ ቆንጠጥ እያደረገ በዚያው መንገድ ይወስደዋል። ትናንት ነጯን ኳስ በትክክል መንካት ያቃተው ሰውዬ ዛሬ ኳስ በኳስ ላይ እየከተተ ደረቱን ይነፋል። ጉራው የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ድሬ ላይ ሰው በዚህ በዚህ ራሱን አያዞርም።

ከሁሉም የሚሻሙት በአብዶሽ እጅጌ ነበር። ስሙ በቢጫ ክር ተጠልፎበታል። ታዲያ አብዶሽ የሞተ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ መጋላ ሰፈር ተወልዶ መጋላ ያደገ፣ እሱ ሲጫወት ሌላው ስቴካውን ግድግዳ አስደግፎ ቆሞ የሚያየው ተጫዋች ነው። ነበር ልበል እንጂ።

እጁን ቀድታ እጅጌ ያደረገችው ታናሽ እህቱ ነጂባ ናት። ነጂባ እጅጌ በሚሠራበት ቤተ ሙከራ ቅጂ አጽጂ ነች። ተጫዋቹ ሲቀዳ አስሎ ከሆነ ሳሉን ታወጣለች፣ ዝንብ አባሮ ከሆነ ያቺን እጅ ማወናጨፍ ትቆርጣለች፣ ክንዱ ከተንቀጠቀጠ ታረጋጋዋለች። ንጹሑ ብቻ ይቀራል። በዚህ ሥራ የሚስተካከላት የለም ይላሉ፣ እሷም አትክድም።

ባለፈው ክረምት አብዶሽ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰና ወደቀ። አንደበቱ ተመለሰ፤ እግሩም እየተጎተተም ቢሆን ተመለሰ። ቀኝ እጁ ግን የሰው ዕቃ ይመስል ጭኑ ላይ ተጋድሞ ቀረ። አብዶሽ ደግሞ ሌላ ነገር አያውቅም፤ ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ፣ ሱቅ አልከፈተ። ያለው ያ እጅ ነው። ቁጭ ብሎ ሲያየው የሚውልበት አስተያየት ነጂባን አንጀቷን ይበላት ነበር።

ሐኪሙ ዶክተር ምንውየለት ግን ደስ የሚል ወሬ ይዞ መጣ። አእምሮው እጁን አልረሳውም፣ የጠፋው መንገዱ ነው አላቸው። የበሽተኛው የራሱ የቀድሞ እንቅስቃሴ ተመልሶ ክንዱ ውስጥ ቢገባ፣ ነርቮቹ የሚያውቁትን ሰው እንዳዩ ሁሉ ተነስተው ይቀበሉታል። የሌላ ሰው እንቅስቃሴ አይሆንም፤ የገዛ ራሱ መሆን አለበት። ጡንቻው ሳይደርቅ ደግሞ በቶሎ ነው። ስንቱ በሽተኛ ይህን አጥቶ ቁጭ ብሏል፣ የናንተ መድኃኒት ግን ፑል ቤት መስቀያ ላይ ተንጠልጥሎ አለ ብሎ ሳቀ። ቤተሰቡ ጮቤ ረገጠ። ነጂባ የዚያን ዕለት ከሁሉም በላይ ኮራች፤ ወንድሜን ያተረፍኩት እኔ ነኝ ብላ ለራሷ ነገረች።

የሕክምናው ክፍል ውስጥ የፑል ጠረጴዛ አስገቡለት። ነጂባ በገዛ እጇ እጅጌውን አለበሰችው፣ ስቴካውን አስያዘችው። ጨርቁ ሥራውን ጀመረ። የአብዶሽ ክንድ ተነሳ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ ከዚያ በመሀል መንገድ ላይ መንቀጥቀጥ ያዘው። ጨርቁ ወዲህ ሲል ክንዱ ወዲያ ይላል። ስቴካው ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ይሁን፣ የመጀመሪያ ቀን ነው ተባለ። በማግሥቱም ያው፣ በሦስተኛውም ያው። ጨርቁ ተበላሽቶ ይሆናል ብለው በአዲስ ጨርቅ ቀዱት፤ ለውጥ የለም። ዶክተሩ ግራ ቢገባው እጅጌውን ራሱ ለበሰው። ስቴካ ጨብጦ የማያውቅ ሰው፣ ሩቅ ጥግ ላይ የነበረችውን ኳስ አንዴ መትቶ ከተታት። እጅጌው ደህና ነው ማለት ነው። የሚሠራው ለዓለም ሁሉ ነው፤ እምቢ ያለው ለባለቤቱ ብቻ ነው። ጉድ እኮ ነው።

ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ ዶክተሩ የጨርቁን ጉልበት ከፍ አደረገውና ክንዱ በግድ ታዘዘ። ስቴካው ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ነጯ ሌላዋን ገጨቻት፣ ኳሷ ጉድጓድ ገባች። ነጂባ አጨበጨበች። አብዶሽ ግን የተመታችውን ኳስ ትቶ ክንዱን ሲያይ ቆየ።

«ጥሩ ተጫዋች ነው» አለ። «ማነው?»

ነጂባ ቀልዱን መስሏት ሳቀች። አብዶሽ ሲቀልድ ከንፈሩን ያጣምም ነበር፤ አሁን አላጣመመም። ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ።

በጠራራ ፀሐይ ቤተ ሙከራዋ ሄዳ የወንድሟን ቅጂ ከፈተች። ምን እንደምታገኝ ሳታውቅ አልሄደችም። ሰው የገዛ ሥራውን ያውቃል።

አብዶሽ ፑል የለመደው መጋላ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ጠረጴዛው በአንድ በኩል ግድግዳው ሥር የተወሸቀ ስለነበር ሙሉ ስቴካ ይዞ ወደ ኋላ የሚል ሰው ግድግዳውን ይወጋል። አናጢ አንዱን ስቴካ ከጀርባው ቆርጦ አሳጠረው፤ አብዶሽም በዚያች ድንክ ስቴካ አደገ። ክርኑ ወደ ኋላ መሄጃ ሲያጣ ወደ ጎን መውጣት ለመደ። ዓይኑም እንደዚሁ የራሱ ጣጣ ነበረው፤ እጁ ቀኝ ሆኖ የሚያነጣጥርበት ዓይን ግራው ነው። ስለዚህ አንገቱን ሰበር አድርጎ ግራ ዓይኑን ከስቴካው በላይ ያመጣዋል። እንዲህ ሆኖ ሲቆም ስቴካው ከኢላማው ወደ ግራ ያፈነገጠ ነው። የወጣው ክርን ደግሞ በመምቻዋ ቅጽበት ወደ ቀኝ ይመልሰዋል። አንዱ ጥመት ሌላውን ጥመት ያስታርቃል፤ ኳሷም ትገባለች። ካደገ በኋላ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ፣ ውድ ስቴካ ተሰጥቶትም ቢሆን ከመሀሉ ጨብጦ እንደ ድንኳ ያደርገው ነበር። ያ ግድግዳ ከፈረሰ ቆይቷል። በአብዶሽ ክንድ ውስጥ ግን ቆሞ ነበር።

ነጂባ ከዚህ ሁሉ አንዱም የለባትም። እሷ ፑል የተማረችው በሥርዓት ነው፤ ስቴካው ከአገጭ ሥር በሁለቱ ዓይኖች መሀል፣ ከክርን በታች ያለው ክንድ እንደ ቱምቢ ቀጥ ብሎ የተንጠለጠለ፣ የስቴካው ርዝመት ከክንዷ ርዝመት ጋር የተመጣጠነ። ለአቋምማ ነጂባ ነበረች ይላል ያያት ሁሉ። ከዚያ አብዶሽ አንገቱን ሰብሮ ይመጣና ያሸንፋታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ሰዎች እየሳቁ፣ እንዴት አድርጎ ነው እንዲህ ተጣሞ የሚከተው እያሉ ሲደነቁለት እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

እጁን ስትቀዳ መሣሪያው ሁለቱንም ጥመት በቀይ አሳያት። እሷም አጸዳቻቸው። አንገቱን ቀና አደረገችው፣ ክርኑን ከደረቱ ጎን መለሰችው፣ አያያዙን ወደ ስቴካው ጀርባ አወረደችው። ለማንም ሰው እንዲበጅ ነው አለች፤ እውነቷን ነው፣ ለማንም በጀ። ያልተነካውን ጥሬ ቅጂም ደመሰሰችው። ደምስሺ ያላት አልነበረም። ያቺን ቁልፍ ስትጫን ምን ተሰምቷት እንደነበር አሁን ባዶው መዝገብ ፊት ቁጭ ብላ በደንብ ታስታውሳለች። ደስ ብሏት ነበር።

የሠራችውን ልታፈርስ ብዙ ደከመች። አብዶሽ ሲጫወት የተነሱ ቪድዮዎችን ከየሰው እየለመነች ሰበሰበችና አንገቱን መልሳ ሰበረችው፣ ክርኑን መልሳ አወጣችው፣ እጅጌውን ይዛ ሮጠች። የአብዶሽ ክንድ ያንንም እምቢ አለ። ከውጭ የሚታየውን ጥመት መሥራት ይቻላል። ግድግዳውን እንዳይወጋ ሲፈራ የኖረውን ክንድ ፍርሃት ግን ከቪድዮ ላይ ከየት ታመጣዋለች? በየቀኑ አንድ ጥመት ይዛ ትሄዳለች፣ በየቀኑ ክንዱ ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ ዶክተሩ ኮሪደር ላይ አስቁሟት ጡንቻው መድረቁን ነገራት። ከእንግዲህ ባታደክሚው ጥሩ ነው አላት።

አብዶሽን መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አገኘችው። አጠገቡ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረችው፤ ምን እንዳጸዳች፣ ጥሬውን እንዴት እንዳጠፋች፣ እስካሁን ያመጣችለት ሁሉ የራሷ ግምት እንደነበረ። አላቋረጣትም። ስትጨርስ በግራ እጁ ቀኝ እጁን አንስቶ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስተካክል ሰው፣ ጭኑ ላይ አመቻቸው።

«ነጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «አቅንተሽኝ ነው፣ ወይስ ቀንተሽብኝ?»

ቃሉ አንድ መሆኑን ከዚያ በፊት ልብ ብላ አታውቅም። የመጀመሪያውን ብትመልስ ማን ይከሳታል? የቤተ ሙከራው ደንብ ከጀርባዋ አለ፣ ቀዩ ምልክት ምስክሯ ነው። አብዶሽም ያምናታል፤ ማመን ፈልጎ እንደጠየቀም ዓይኑ ላይ አየች። ግን ያንን ዓይን እያዩ መዋሸት አልሆነላትም።

«ሁለቱም ነው» አለችው።

ነጂባ ማልቀስ ጀመረች። ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች፣ ቢሰድባት ደግሞ በወደደች። እሱ ግን አቦ ተይ አታልቅሺ ብሎ፣ የሱ አቋም እኮ ለራሱም መሳቂያ እንደነበር አወራላት። አንዴ መስታወት ያለበት ፑል ቤት ገብቶ ራሱን ሲያይ ሊመታ ያለውን ኳስ ትቶ እንደሳቀ፣ ከዚያ በኋላ ያን ቤት እንዳልረገጠው። ሰውነቱን ቢያቀናው ኖሮ ምናልባት ቶሎ ይረሳው እንደነበርም ተናገረ። ጠማማው ነው የራሴ መሆኑን የማውቅበት አላት።

«ስሜን አንሺልኝ» አለ በመጨረሻ። «እሱ እጅ እኔ አይደለሁማ።»

በሚቀጥለው ቀን ከሰዓት አብረው ከዚራ ወረዱ። ነጂባ እጅጌውን ከመስቀያው አውርዳ ቢጫውን ክር በመርፌ ጫፍ እየመዘዘች ስሙን ፈታችው፣ መልሳም ሰቀለችው። ጥግ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ነጂባ ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም። የአብዶሽ የታለ ብሎ አንዱ ይጮሃል፣ ምን አደረጋችሁት ይላሉ ብላ ትጠብቅ ነበር።

አንዱ ገባና እጅጌውን አውርዶ ለበሰው። እንደ ቱምቢ ቀጥ አለ፤ መታ፣ ከተተ፣ ደገመ። ሌላው ተቀበለው፣ እሱም ቀጥ አለ። ወፍራሙም ቀጭኑም፣ ረጅሙም አጭሩም በተራቸው ጎንበስ ሲሉ ከአንገታቸው በታች አንድ ሰው ሆኑ፤ ከተማው ሁሉ የሚያደንቀው፣ ከእናት ያልተወለደ፣ ግድግዳ ያላስጨነቀው አንድ ሰው። ስሙ የት ሄደ ያለ አልነበረም።

አብዶሽ ጨዋታው እስኪያልቅ አየ። ነጂባ ፊቱን ለማየት አልደፈረችም። ከዚያ በግራ እጁ ወንበሩን ተደግፎ ተነሳና እግሩን እየጎተተ ወደ በሩ ሄደ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ፣ ሰው ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን ተሰናብቶ ሲወጣ እንደሚለው፣ ዞር ብሎ መረቃቸው።

«ይቅናችሁ» አላቸው።

«አሜን» አሉ ተጫዋቾቹ፣ ቀና ሳይሉ።

ነጂባም አሜን ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን አልወጣላትም።