ከፊት የገባችው ጥይት

በ፲፰፻፸፱ ዓመተ ምሕረት፣ ጦርነቱ ካበቃ አራት ወር ሲሆነው፣ ከእህል ጎተራነት ወደ ጦር ሐኪም ቤትነት የተለወጠው ረጅም አዳራሽ ገና ይገማ ነበር። ሠላሳ አልጋዎች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ የግድግዳው ኖራ ሳይቀር የመግልና የካርቦሊክ መድኃኒት ሽታ ጠጥቷል፤ ሊጎበኙ የሚመጡ ሹማምንትም ሽቶ የነከረ መሐረብ አፍንጫቸው ላይ እንደ ያዙ ከደጃፉ ይመለሱ ነበር። ጋዜጣው ግን በማግሥቱ «ክቡራኑ ቁስለኞቹን በያልጋቸው እየዞሩ አጽናኑ» ብሎ ያትማል። ጋዜጣ ያኔም ያው ጋዜጣ ነበር።

በዚህ ቤት ቁስል የማትጸየፍ አንዲት ወጌሻ ነበረች፤ ቁስለኞቹ ስሟን ትተው «እጀ ቅቤ» ይሏታል። ቀዶ ሐኪሙ ቆርጦና ሰፍቶ ሲጨርስ የእሷ ሥራ ይጀመራል። ክሩ ወጥቶ ቁስሉ እስኪገጥም ትጠብቃለች፤ ከዚያ ሰም ከዘይት ጋር አቅልጣ ጠባሳውን ጠዋትና ማታ በአውራ ጣቷ ክብ ክብ እያደረገች ታሸዋለች፤ የታጠፈ ጨርቅ በላዩ ደርባ አጥብቃ ታስረዋለች፤ ፀሐይ እንዳይነካውም ታስጠነቅቃለች። ያበጠው ቀስ በቀስ ይረግባል፤ የቀላው ይገረጣል። «እኔ ጠባሳ አላጠፋም፤ የሚያጠፋ አንድዬ ነው። እኔ አደብ አስገዛዋለሁ እንጂ» ትል ነበር። በአንድ ሰው ላይ ግን አጥፍታዋለች፤ መከራዋም የመጣው ከዚያ ነው።

ሰውየው ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት የሁለት ዓመት ሕፃን ነበርና አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አሥር አለቃ ሆኖ ዘመተ፤ በወንዙ መሻገሪያ በተደረገው ውጊያ አንዲት ጥይት ከግራ ጡቱ በላይ ገብታ ከትከሻው አጥንት ሥር ተሸጉጣ ቀረች። ቀዶ ሐኪሙ በፊት በኩል ሊደርስባት ስላልቻለ ጀርባውን ሰንጥቆ አወጣት። ስለዚህ ደረቱ ላይ ባቄላ የምታህል ቀዳዳ፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ስንዝር የሚሞላ ስንጥቅ ቀረበት።

«እትዬ፣ የደረቴን አጥፊልኝ» አላት። «ሠርጌ ደርሷል፤ ልጅቱ ደግሞ ጣቷን መርፌ ቢወጋት የምትጮህ ናት።»

«ጀርባህንስ?»

«ጀርባዬን ማን ያየዋል? እሱ እዚያው ይክረም።»

ሳቀች፤ በሙያዋም ኮርታ ሦስት ወር ሙሉ ደረቱን አሸችለት። ምልክቱ ከገላው ጋር ተመሳስሎ ጠፋ። የጀርባው ስንጥቅ ግን መግል ይዞ ስለ ቆየ፣ አብጦና ቀልቶ እንደ ገመድ ተጋድሞ ቀረ።

በዚህ መካከል ስለ መሻገሪያው ውጊያ ምርመራ ታዘዘ። በዚያ ቀን ሁለት መቶ ሰው ያለቀው ደጀኑ ጦር ሳይደርስ በመቅረቱ ነው፤ ደጀኑ ያልደረሰው ደግሞ አዛዡ ጥርሳቸውን ታመው ድንኳናቸው ውስጥ ያቃስቱ ስለ ነበር ነው። ይህን ወታደሩ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን አዛዥ ጥፋተኛ ከሚሆን ፈሪ ወታደር ቢገኝ ይሻላልና፣ የጦር ፍርድ ቤቱ ከመሻገሪያው የተረፉትን ሸሚዝ እያስወለቀ ይመረምር ጀመር። ሕጉ አጭር ነው፤ ደረቱ የቆሰለ ተዋግቷል፣ ጀርባው የቆሰለ ሸሽቷል።

አሥር አለቃው ሸሚዙን አወለቀ። «ጥይቷ የገባችው ከፊት ነው፤ ጀርባዬን የሰነጠቀው ሐኪሙ ነው» አለ።

ዳኛው መነጽራቸውን አስተካክለው ደረቱን አዩ። «የቱ ጋ ነው የገባችው?»

በጣቱ አሳያቸው። ምንም የለም። ጸሐፊዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ቀዶ ሐኪሙ እንዳይጠየቅ በተስቦ ሞቷል፤ መዝገቡም ወረርሽኝ እንዳያዛምት ተብሎ ከአልጋ ልብሱ ጋር ተቃጥሏል። እህቱ ዳኛው እግር ላይ ወድቃ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በእነዚህ እጆቼ!» ብትል፣ «እህት ለወንድሟ ምን የማትለው አለ?» ብለው አስወጧት። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጥይት እንዲደበደብ ተፈረደበት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ የእጮኛው አባትም በዚያው ዕለት «ለፈሪ ልጅ የለኝም» ብሎ ላከ።

በማግሥቱ ወጌሻዋን አዛዡ አስጠሯት። አንቱ የምላቸው ለማዕረጋቸው ነው፤ ለሰውየው አይደለም። ከመስተዋት ፊት ተቀምጠው ነበር፤ ከግራ ጆሯቸው ሥር እስከ አገጫቸው የሚወርድ ቀጭን ጠባሳ አለባቸው።

«ይህን ታውቂዋለሽ?» አሉ።

«አውቀዋለሁ፣ ክቡርነትዎ። የመንጋጋ ጥርስ መግል የወጣበት ነው። ሲፈስ ሳህኑን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።»

አዛዡ አልተቆጡም። «የሳንጃ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «የኒሻን ጉባኤው በአሥር ቀን ይቀመጣል፤ ባለሙያ ይመስክር ብለዋል። ሐኪሙ የለም፤ ያለሽው አንቺ ነሽ። ደግሞ ይህ ነገር ቀጥኖብኛል። ጠባሳ ማጥበብ የምታውቅ፣ ማስፋትም አያቅታትም መቼም።»

«ወንድሜስ?» አለች ወጌሻዋ።

«ወንድምሽ ይፈታል። የኔ ቃል ቃል ነው።»

ዘጠኝ ጠዋት ተመላለሰች። የገጠመውን ቆዳ በሻካራ ጨርቅና በጨው እያሸች አቆሰለችው፤ ሊድን ሲል ቅርፊቱን እየላጠች እንደ ገና አደማችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸሸው የኖረችውን ነገር ሁሉ ሆን ብላ አደረገች። የሰውየው ትንፋሽ አሁንም የበሰበሰ ጥርስ ይሸታል። እሳቸው መስተዋቱን ይዘው «ወደ አገጬ ጠጋ አድርጊው፤ በፎቶግራፍ እንዲታይ» ይላሉ፤ ጨው ሲነካቸው ደግሞ «ቀስ በይ እንጂ! ሰው አይደለሁም እንዴ?» ብለው ይጮኻሉ። የሬሳ ቁስል አጥባ ምሳዋን የምትበላ ሴት፣ ከዚያ ቤት በወጣች ቁጥር እጇ እስኪሰነጣጠቅ በአመድ ታጥበው ነበር።

ከሁሉ የከፋው ስምንተኛው ቀን ነው። አዛዡ ያን ቀን ውጊያውን ይተርኩላት ጀመር። ሳንጃው እንዴት እንደ መጣ፣ እሳቸው እንዴት ዘወር እንዳሉ፣ ደሙ እንዴት ደረታቸውን እንዳለበሰው፤ ያውም ሳህኑን ለያዘችው ለራሷ! ሲተርኩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አምነውታል። ዋሾ ሰው ያስቆጣል፤ በገዛ ውሸቱ የሚያለቅስ ግን ያንገሸግሻል።

ጉባኤው ተቀመጠ። አምስት ሽማግሌዎች ያበጠውን ቀይ ጠባሳ ከንፈራቸውን እየመጠጡ ተመለከቱት።

«የምን ቁስል ነው?» ብለው ጠየቋት።

«የሳንጃ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሥራዬ ነው፣ ጌቶቼ።»

በቃሏ ሥር አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። ስትወጣ ከደጃፉ ግንብ ሥር አስታወከች፤ ዘበኛው ፀሐይ መትቷት መሰለው።

አዛዡ ቃላቸውን ጠበቁ፤ እንዴት እንደ ጠበቁት ግን የታወቀው ወህኒ ቤቱ በር ላይ ነው። ጸሐፊው ወረቀቱን አነበበ፤ «በውጊያ መካከል የሸሸው አሥር አለቃ ጥፋቱን አምኖ ስለ ተጸጸተ፣ በክቡር አዛዡ ርኅራኄ ምሕረት ተደርጎለታል። እዚህ ላይ ፈርም።»

«አልፈርምም» አለ ወንድሟ። «አልሸሸሁማ! ምን አጥፍቼ ነው የሚምሩኝ?»

«ፈርም።»

«እትዬ፣ አንቺ እንኳ ታውቂያለሽ። ቁስሌን በእጅሽ አሽተሽዋል።»

«ፈርም፣ ልጄ። እኔ ከዚህ የባሰ ፈርሜያለሁ።»

ፊቷን ትኩር ብሎ አየው፤ ከዚያ ፈረመ። ቤት ሲደርሱ ምን ብላ እንዳስፈታችው ጠየቃት፤ አልዋሸችውም። ሁለት መቶ ጓደኞቹን በጥርስ ሕመም ያስፈጀ ሰው፣ በእህቱ ምስክርነት ጀግና መሆኑን ሲሰማ ደጅ ወጥቶ ምራቁን ተፋ። ሲመለስ ጀርባውን ልትቀባለት ዘይቱን አሙቃ ጠበቀችው። «ተይው» አላት። «እጅሽን አታስጠጊብኝ።» ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ፤ ገበታ አልለየም፤ ክፉ ቃልም አልወጣውም፤ ጀርባውን ግን ዳግመኛ አላስነካትም።

ሰዎች «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። ንጋቱስ በየቀኑ ጠርቷል። የኒሻን ጉባኤው መዝገብ ለአዛዡ ጠባሳ አራት ገጽ ሰጥቷል፤ «አንዲት ባለሙያ ሴት እንዳረጋገጠችው» የሚል ቃል አለበት፤ ስሟ የለም። የመሻገሪያው ሁለት መቶ ሙታን በቁጥር ብቻ ተጽፈዋል፤ ቁጥሩም ተሳስቶ መቶ ስልሳ ይላል። አሥር አለቃው አንድ መስመር አለው፤ ከሥሩ የገዛ ፊርማው ስላለበት፣ ከዚያ ወዲህ ታሪኩን የጻፉ ሁሉ ሳይጠራጠሩ «ሸሽቶ ምሕረት ያገኘ» እያሉ ገለበጡት።

ሲሞት እህቱ አርጅታ ከክፍሉ ጥግ ተቀምጣ ነበር። ገላውን የሚያጥቡት ሁለት ጎረቤቶች ከወገቡ በላይ ገልብጠው ያን ወፍራም የጀርባ ጠባሳ አዩት፤ እሷ እንዳትሰማ ምንም ሳይናገሩ፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ።