በጋሽ ተፈራ ጣሪያ ላይ

አቶ ተፈራ ከቤታቸው ጓሮ፣ መሰላሉ ሥር ተዘርግተው፣ መዶሻቸው አጠገባቸው ወድቆ ተገኙ። ጥይት የበሳውን ጣሪያ ሲደፍኑ ወደቁ ተባለ፤ በዚያ በጥቅምት ወር የመርሳ ከተማ ጣሪያ ግማሹ የተበሳ ስለነበር ማንም አልተጠራጠረም። ለደንቡ ያህል ከወልድያ የተጠራችው ኢንስፔክተር በላይነሽ ግን ቁስሉን አየች፤ ከማጅራታቸው በላይ ያለ ጠባብና ክብ ቁስል ነው። መሬቱን በጫማዋ ነካ ነካ አደረገችው፤ ድንጋይ የሌለበት ልም አፈር ነው። ከዚያ ጣሪያው ላይ ወጣች። አሮጌዎቹ ምስማሮች በሙሉ የቆርቆሮው ጀርባ፣ ከፍ ከፍ ባለው እጥፋቱ ላይ ተሰልፈዋል። አዲሱ ልጥፍ ላይ ያለችው አንዲት ምስማር ብቻ ዝቅ ባለው ቦዩ ውስጥ ገብታለች። ወረደች።

የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ውስጥ የነበሩት የሟቹ ልጅ እስራኤል፣ ለሽያጩ ጉዳይ በማለዳ የመጣው ደላላው ሞላ እና ተከራዩ መምህር ገዛኸኝ ናቸው። በመጀመሪያ ደላላውን ጠራችው።

«ይህ ቤት ስንት ያወጣል?»

«መቼ?» አለ ሞላ፣ ምንም ሳያፍር። «ከጦርነቱ በፊት ሚሊዮን ተኩል። ነሐሴ ላይ ቆቦ ተያዘ ተብሎ ሰው ፍራሹን አዝሎ ወደ ደሴ ሲሮጥ፣ አምስት መቶ ሺህ የሚል ከተገኘ ጋሽ ተፈራ እግሩን ይስሙ ነበር። አሁን የእርቅ ወሬ አለ፤ ሁለት ሚሊዮን የሚከፍል ሰው ከአዲስ አበባ ይዣለሁ።»

«ነሐሴ ላይ ገዢ ተገኝቶ ነበር?»

«መምህሩ ነበር። በአምስት መቶ ሺህ ተጨባብጠው ቀብድ ሰጣቸው። ትናንት ጋሽ ተፈራ ቀብዱን መለሱለት።»

«አንተ መክረሃቸው?»

«እኔ ዋጋ ነው የነገርኳቸው።»

በላይነሽ ከጫማው እስከ ኮፍያው አየችው። መድፍ ሲያጓራ ዋጋ ይጠራል፤ መድፍ ዝም ሲልም ዋጋ ይጠራል። ተጸየፈችው። ቃላቸውን እንደ ገበያው ለገለበጡት ሟችም ቢሆን ብዙ አላዘነችላቸውም።

እስራኤልን ያገኘችው የአይሱዙ መኪናውን ጎማ ሲያጥብ ነው። አባቱ ገና አልተገነዙም።

«ጠዋት ምን ሰማህ?»

«ከጓሮ መዶሻ ሲመታ ሰማሁ። ጣሪያ ላይ ናቸው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ከአባትህ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ለምን እጣላቸዋለሁ? ቤቱን ነገ ሊሸጡት፣ ለእኔም ሁለተኛ መኪና ሊገዙልኝ ነበር እኮ።»

አባቱ ከሞተበት ልጅ አፍ የሚወጣ መልስ አልነበረም፤ ሆኖም እውነት ይመስል ነበር።

መምህር ገዛኸኝ እጁን አጣምሮ ጠበቃት።

«ቤቱ ቀረብዎት አሉ፣ መምህር?»

«ቤት ይሄዳል፣ ይመጣል። የሰው ነፍስ ግን አይመለስም» አለ፣ ለክፍል ተማሪዎች እንደሚያስረዳ ሁሉ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። አንድ ቆርቆሮ በአግዳሚ እንጨት ላይ አጋድማ መዶሻና ምስማር አቀረበች።

«አንድ አንድ ምስማር ምቱልኝ። መምህር ይጀምሩ፤ ቅድሚያ ለተማረ ነው።»

ገዛኸኝ ቆርቆሮውን አጤነውና ቦዩ ውስጥ መታ። እስራኤል ሳያስበው ሳቀበት።

«ውኃ ታስገባለህ እኮ!»

«ለምን እዚህ መቱት?» አለች በላይነሽ።

«ቆርቆሮው እንጨቱን የሚነካው እዚህ ነዋ።»

«ልክ ነህ» አለች፣ አንቱታውን ትታ። «ውኃውም የሚወርደው እዚያው ነው። ጋሽ ተፈራ ይህን ቤት በእጃቸው ሠርተዋል፤ የመቱት ምስማር ሁሉ ጀርባው ላይ ነው። የዛሬዋ ምስማር ግን ቦይ ውስጥ ናት። ስለዚህ የመታት ሌላ ሰው ነው። ልም አፈር ላይ የወደቀ ሰው ደግሞ የመዶሻ አፍ የሚያህል ቁስል አያገኘውም። መዶሻው መጀመሪያ ሰውዬውን መታ፤ ከዚያ ጣሪያ ላይ ነበሩ እንዲባል ምስማሯን መታ። እስራኤል ያደገው በዚህ ጣሪያ ላይ ነው። ሞላም ደላላ ሳይሆን በፊት ለአናጢ ቆርቆሮ ያቀብል እንደነበር ጎረቤት ነግሮኛል። ጣሪያን ከሥሩ እንጂ ከላዩ የማያውቅ፣ ዕድሜውን በኪራይ የጨረሰ አንድ ሰው ነው ያለው። ቀብዱም ትናንት ተመልሶለታል።»

ገዛኸኝ መዶሻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ስቀጠር ይህ ቤት የሦስት ዓመት ደመወዜ ነበር። ቆጥቤ ስጠጋው የአሥር ዓመት ሆነ፤ ዛሬ የሃያ ዓመት ነው። ነሐሴ ላይ መድፉ ሲያጓራ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ደረስኩበት። የሚስቴን የአንገት ወርቅ ሸጬ ነው ቀብድ የሰጠሁት። ጠዋት ቃልዎን ይጠብቁ ብዬ ስለምናቸው ጀርባቸውን ሰጡኝ።»

«ሰው ሲሰደድ አንተ ደስ አለህ። ታዲያ ከሞላ በምን ትለያለህ?»

አብረዋት የመጡት ፖሊሶች ይዘውት ሄዱ።

በላይነሽ ወደ መኪናዋ ስታመራ ሞላ ከኋላዋ ደረሰባት።

«ኢንስፔክተር፣ እንግዲህ ሰው የተገደለበት ቤት ሆነ። የአዲስ አበባው ሰውዬ መቅረቱ ነው። ዋጋው በጣም ይወርዳል። እርስዎም ወልድያ በኪራይ ነው ያሉት ሲሉ ሰምቼ…»

ስድቡ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። አከራይዋ ከኅዳር ጀምሮ ኪራይ ጨምሪ ያሏት በዚሁ ሳምንት ነው፤ ጭማሪው ከደመወዟ ግማሹን ይወስዳል። ዞር ብላ ቤቱን አየችው። ሰፊ ነው፤ ጣሪያውም ከዚያች ከአንዷ ልጥፍ በቀር ምንም አይወጣለትም።

«ስንት?» አለች።