የሦስተኛው መም በረዶ

ሃሚሽ ራትሬይ በሦስተኛው መም ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል። ሬሳው ገና ሳይነሳ ግን ጥፋተኛዋ ተገኝታለች፤ በደብዳቤ፣ በአራት ሰው ፊርማ።

ኢንስፔክተር ኢፊ ላምስደን ከግሌንላራክ የከርሊንግ አዳራሽ፣ ሰዎች ከባድ ድንጋይ በበረዶ መሞች ላይ እያንሸራተቱ ከሚጫወቱበት ቤት፣ የደረሰችው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በር ላይ የተቀበላት የአውራጃው ከርሊንግ ማኅበር ምክትል ፕሬዚዳንት ኒንያን ስፔንስ ነበር፤ ረጅም፣ ጫማው የሚያበራ፣ ሐዘኑን እንኳ እንደ ክራባቱ አስተካክሎ ያሰረ ሰው። እጇን ሳይጨብጥ ደብዳቤውን ዘረጋላት።

«ሥራዎን አቅልለንልዎታል» አላት። «ፕሬዚዳንታችን ከስብሰባው በፊት በረዶውን ሊያይ ገብቶ አዳልጦት ወደቀ። በረዶ ጠባቂዋ ኢሽቤል ክራምብ ሦስተኛውን መም ውሃ ሳትረጨው ነው የሄደችው። ኮሚቴው አሰናብቷታል። እናንተ ደግሞ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ትከሷታላችሁ።»

«ሬሳውስ?»

«እዚያው ነው። ማንም አልነካውም።»

«ደብዳቤው ቀደመው በሉኛ!» አለችና አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

እኔ የዚህ አውራጃ ሰው ነኝ፤ ይህን ስተርክ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ኢሽቤል ክራምብ በረዶ መጠበቅ ከጀመረች ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። እኛ የምንጫወትበትን እሷ ሌሊት ተነስታ ታሰናዳለች። ለዚያች ሴት አንድ ሰዓት እንኳ አልሰጧትም!

ኢፊ ያገኘቻት በማቀዝቀዣ ሞተሮቹ ክፍል፣ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ነው።

«ረጭቼዋለሁ!» ብላ ጮኸች ኢሽቤል፣ በሩ ገና ሲከፈት። «አራቱንም መም ረጭቼ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ የአጃ ገንፎዬን አንድ ማንኪያ ሳልውጥ ‹ሰው ገደልሽ› ብለው ደወሉልኝ። አንቺ የጆክ ላምስደን ልጅ አይደለሽ? አባትሽ በረዶዬ ላይ ስንት ዓመት ተጫወተ! ሳልረጭ ቀርቼ ያውቃል?»

«አያውቅም፣ እማማ ኢሽቤል። ግን ባይረጭ ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል? ጠብታው ሲረጋ በበረዶው ላይ ብጉር ያወጣል። ድንጋዩ የሚሄደው በብጉሩ ላይ ነው፤ ጫማም የሚይዘው እሱን ነው። ያለ እሱ ድንጋዩ ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል፤ ሰው ደግሞ ይፈጠፈጣል። ዛሬ ያባረሩኝ ነገ ሊያስሩኝ ነው። እኔ እስር ቤት ገብቼ ልሙት?»

እንባዋን በጓንቷ አበሰችው። ኢፊ ልታጽናናት አልሞከረችም፤ መናደድ ጀምራ ነበርና ቀጥታ ወደ በረዶው ወረደች።

ሐኪሙ ከሬሳው ራስና ከአንድ የመጫወቻ ድንጋይ አጠገብ ተንበርክኳል። «የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል» አላት። «ግን ወዲያው አልሞተም። ሩብ ሰዓት ያህል ተንፍሷል። ያኔ አንድ ሰው ስልክ ቢያነሳ ኖሮ በሕይወት ሊኖር ይችል ነበር።»

ኢፊ ጓንቷን አውልቃ መዳፏን በረዶው ላይ አሳረፈች። በሬሳው ዙሪያ አራት እርምጃ ያህል ልሙጥ ነው። ከዚያ አልፋ ስትዳብስ ሻካራ፤ ጎረቤት መሞቹም ሻካራ ናቸው። የሟቹ መጥረጊያ፣ ከርሊንግ ተጫዋቾች ከድንጋዩ ፊት ያለውን በረዶ የሚፈትጉበት ሰፊ ጭንቅላት ያለው ብሩሽ፣ በክንዱ ሥር ተደፍቷል። ክንዱን ቀስ ብላ አነሳች፤ መጥረጊያውንም አነሳች። ከሥሩ ያለውን በረዶ ዳሰሰችው፤ ፎቶም አስነሳችው።

ሬሳውን ያገኘችው የማኅበሩ ጸሐፊ ኮርዴሊያ ፐርዲ ናት፤ ኢፊ ቀጥላ እሷን ጠየቀች።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አየሁት፤ ጮኼ ስወጣ አቶ ስፔንስ ከደረጃው ሥር ነበሩ።»

«ብጉሩን ፍቆ የሚያለሰልሰው የበረዶ መፋቂያ የት ይቀመጣል?»

«ዕቃ ቤት፣ ተቆልፎ ነው። ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ የኢሽቤል፣ ሌላው የአቶ ስፔንስ። የበረዶ ጉዳይ ኃላፊ እሳቸው ናቸው።»

«በዛሬው ስብሰባ ምን ልትነጋገሩ ነበር?»

ጸሐፊዋ አጀንዳውን አቀበለቻት። አራተኛው ተራ «የተነካ ድንጋይ» ይላል፤ ስም የለውም።

«ስሙን ባዶ ተይው ያለኝ ሃሚሽ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ባለፈው ቅዳሜ በአውራጃው ፍጻሜ አንድ ሰው የሚንሸራተት ድንጋይ በመጥረጊያው ነክቶ ዝም ብሏል። የነካ ራሱ መናገር አለበት፤ በእኛ ጨዋታ ዳኛ አይጠበቅም። ሃሚሽ አይቷል። ‹እስከ ስብሰባው ጊዜ ሰጥቼዋለሁ፤ ራሱ ይናገር፣ አላዋርደውም› አለኝ።»

«ፍጻሜውን ያሸነፈው ማን ነው?»

«የአቶ ስፔንስ ቡድን። በአንድ ድንጋይ ብልጫ።»

ስፔንስ ሲጠየቅ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ ነበር።

«ዛሬ ወደ በረዶው ወርደዋል?»

«እግሬ አልረገጠውም። ላይ፣ ከመመልከቻ ክፍሉ መስተዋት ጀርባ ሆኜ ነው ያየሁት። ሦስተኛው መም አለመረጨቱ ወለል ብሎ ይታያል። ሴትየዋ አርጅታለች፣ ኢንስፔክተር፤ በቃ ይኸው ነው።»

«ዓይንዎ ጥሩ ነው» አለች ኢፊ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ከመስተዋቱ ጀርባ ባለው ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ ስፔንስን፣ ፐርዲን፣ ሌሎቹን ሁለት ፈራሚዎችና ኢሽቤልን። ሬሳው ተነስቷል። አራቱ መሞች ከታች ነጭ ሆነው ተዘርግተዋል።

«ዕድሜ ልካችሁን ተጫውታችኋል» አለች። «ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ላይ ብጉሩን አስፍቄያለሁ። እስቲ የትኞቹ ናቸው?»

«ሁለተኛው» አለ አንዱ ሽማግሌ፣ አፍንጫውን ከመስተዋቱ አስጠግቶ።

«ምን ሁለተኛ! አራተኛው ነው እንጂ!» አለ ጓደኛው።

«አይለይም» አለች ፐርዲ። «ከዚህ ሆኖ በፍጹም አይለይም።»

«አይለይም» አለች ኢፊ። «አንዱንም አላስፋቅኩም፤ ከሦስተኛው መም አንድ ቁራሽ በስተቀር ሁሉም እንደተረጨ ነው። አቶ ስፔንስ ግን ከዚህ ሆነው ለዩት፤ በረዶውን ሳይረግጡ!» ድምጿ ከፍ ማለት ጀመረ። «ከሟቹ መጥረጊያ ሥር ብጉሩ አንድ ሳይጎድል አለ። እንግዲህ ሰውየው ሲወድቅ በረዶው ተረጭቶ ነበር። ዙሪያው የተፋቀው ከወደቀ በኋላ ነው። የፋቀው ቁልፍ ያለው ሰው ነው፤ ቁልፍ ያላቸው ሁለት ናቸው። ኢሽቤል ብትሆን ኖሮ በረዶውን እንዳማረበት ትተወው ነበር፤ ልሙጥ በረዶ በዓለም ላይ የሚያስከስሰው እሷን ብቻ ነውና። በራሱ አንገት ላይ ገመድ የሚያስር ማን ነው?»

«ይኼ ግምት ነው!» አለ ስፔንስ። ፊቱ ቀልቷል።

«የመፋቂያው እጀታ ለአሻራ ተወስዷል። እርስዎ ዛሬ አልወረዱም አይደል?»

ስፔንስ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ለአንዲት ንክኪ!» ብሎ ጮኸ። «የድንጋዩ መንገድ እንኳ አልተለወጠም! አርባ ዓመት የለፋሁበትን ስም በሕዝብ ፊት ሊያስጥለኝ ነበር። ገፋሁት፤ ድንጋይ ላይ ወደቀ። መግደል አልፈለግኩም!»

«ሲገፉት አልገደሉትም» አለች ኢፊ። አሁን ንዴቷን መያዝ አልቻለችም። «ሩብ ሰዓት ተንፍሷል። ያንን ሁሉ ጊዜ እርስዎ ከአጠገቡ ሆነው በረዶ ይፍቁ ነበር፤ ስልኩ ኪስዎ ውስጥ እያለ! የሞተው ያኔ ነው። ከዚያም በዚህች ሴት ላይ ሊጭኑት ደብዳቤ ጻፉ።»

ስፔንስን ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ማንም ዘወር ብሎ አላየውም።

ፐርዲ ወደ ኢሽቤል ዞረች። «ኢሽቤል፣ ደብዳቤው እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ሰኞ እንደተለመደው ሥራሽን…»

«እንዳልተጻፈ?» ኢሽቤል ተነሳች። «ተጽፏል! አንብባችሁ ነው የፈረማችሁት። አንዳችሁም ‹እስቲ እሷንም እንጠይቃት› አላላችሁም። እያንዳንዳችሁ ተነሱና፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ በሉ። ፊቴን እያያችሁ።»

መጀመሪያ የተነሳችው ፐርዲ ናት።

«ፈርሜያለሁ» አለች። «ሳልጠይቅሽ። ይቅር በይኝ።»

«ፈርሜያለሁ» አለ አንዱ ሽማግሌ። ሁለተኛውም ተነስቶ ያንኑ ደገመ።

ኢሽቤል ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ይቅርታውን ግን ዛሬ ከእኔ አትጠብቁ።»