ውኃ ያልጠጣው ሳጥን

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹ ከብረቱ ደረጃ ግርጌ፣ የአፈር መጋዘኑ ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ስልሳን ያለፈ፣ ጥፍሩ ሥር አፈር የማይጠፋ ሰው ነው። ከመጋዘኑ በላይ ባለው ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ራሳቸውን የሚያጠጡ የአትክልት ሳጥኖች እያዘጋጀ ይሸጥ ስለነበር ደንበኞቹ «የአፈር ሐኪም» ይሉታል። ለሚያይ ሰው ከደረጃው ተንሸራቶ የወደቀ ይመስላል። ማጅራቱ ላይ ያለው ቁስል ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ደረጃው ደግሞ ከድብልብል ብረት የተሠራ ነው፣ አንድም ስለት የለውም።

«ይህ የአካፋ ጠርዝ ነው» አላት ሬሳውን ያየው ሐኪም። «ሞቱ ጠዋት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከዚህ በላይ አታስጨንቂኝ።»

ጣሪያው ላይ አንድ አካፋ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ታጥቧል። ሟቹ አካፋውን የሚያጥበው ሥራ ሲጨርስ፣ ማታ ብቻ እንደነበር ልጁ ተናግራለች።

ልጅቱ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷን ቀደም ብላ የቀበረች፣ ከአባቷ ጋር ብቻዋን የምትኖር ናት። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ስትሆን፣ ከዚያ ወዲህ የመጋዘኑን ደፍ መሻገር አቅቷት መቃኑን ይዛ ቆማለች። ፈርታለች። አባቷን የገደለው ሰው የግቢውን በር ሳይሰብር የገባ ሰው ነው፤ ማለትም የምታውቀው፣ ምናልባትም «እንደምን አደርሽ» ያላት ሰው ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ እሷን እሷን ማየት መጀመሩ ነው።

«ጠዋት ስትጯጯኹ ተሰምታችኋል» አለቻት መርማሪዋ።

«ትምህርት ሌላ ከተማ ደርሶኛል። እሄዳለሁ አልኩት። ይህን ሁሉ አፈር ለማን ጥለሽ ነው አለኝ። እኔም አፈርህን ታቀፈው ብዬው ወረድኩ። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ሰባት ጓሮ ልብስ ሳጥብ ነበር።»

«ማን አየሽ?»

«አጎቴ አራት ሰዓት ላይ ሲወጣ አይቶኛል። ከዚያ በኋላ ማንም።» የተናገረችው ነገር ለራሷ ሲገባት ክው አለች።

አጎትየው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ብስባሹን በጭነት መኪናው ከገጠር የሚያመጣው፣ ያለቁ ሳጥኖችንም ለደንበኞች የሚያደርሰው እሱ ነው። ግዙፍ ሰው ነው፤ መሐረቡን ዓይኑ ላይ እየጫነ ይናገራል።

«ጋሼ ወንድሜ ብቻ አይደለም፤ አሳዳጊዬም ነው። አራት ሰዓት ላይ ስለየው ደህና ነበር። ሦስት ሳጥን ተክሎ ጨርሶ፣ ለአራተኛው አፈር እያረጠበ ነበር። ከዚያ ሆቴል ቤት ሳጥን ላደርስ ሄድኩ። እስከ ስምንት ሰዓት እዚያ ነበርኩ፤ ሠራተኞቹን ሁሉ ጠይቂ።»

ተጠየቁ፤ እውነት ነበር። ጣሪያው ላይም በእርግጥ አራት ሳጥኖች ተተክለው ቆመዋል።

ሦስተኛው ሰው ምድር ቤት የሚሠራው ሽማግሌ አናጢ ነው። ሳጥኖቹን የሚገጣጥመው እሱ ሲሆን፣ እርሳሱን ከጆሮው፣ ምላሱንም ከሥራው ለይቶ አያውቅም።

«እኔ እስከ አምስት ሰዓት ሐኪም ቤት ነበርኩ፤ የልጅ ልጄ አሟት። ከአምስት በኋላ ደግሞ አንዲት ደንበኛ ጠረጴዛዋን ካልጨረስክልኝ ብላ እስከ ሰባት ሰዓት አናቴ ላይ ቆማለች። እንኳን ሰው ልገድል፣ ውኃ እንኳ አላስጠጣችኝም።»

«ሟቹ አንድ ሳጥን ለመትከል ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?»

«ጋሼ? ከአንድ ሰዓት በታች አይጨርሰውም።»

ሒሳቡ ቀላልና የሚያስፈራ ነበር። ሟቹ ከአራት ሰዓት በኋላ አራተኛውን ሳጥን ከተከለ፣ የሞተው ከአምስት በኋላ ነው። ከአምስት በኋላ ደግሞ አንዱ ሆቴል፣ አንዱ ደንበኛ ፊት ነበሩ። የቀረችው ልጅቱ ናት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ነገሩ ሁሉ ተጠቅልሎ እሷ ላይ ሊያርፍ ነው።

አጎቷ ያን ዕለት እሷን ብቻዋን አልተዋትም። ሳሎን አንጥፎ እዚያው አደረ። «የኔ ልጅ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሳላስበው ነው በዪ። ልጅነትሽን አይተው ይራሩልሻል። እኔ አለሁልሽ።» ክፍሏ ገብታ በሩን በወንበር ደገፈችው። ለምን እንደደገፈችው ለራሷም አልገባትም።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ ብቻዋን ጣሪያው ላይ ወጣች። ሦስቱ የቲማቲም ችግኞች ቀጥ ብለው ቆመዋል። አራተኛው አንገቱን ደፍቷል። ውኃ በሚጨመርበት ቱቦ ቀጭን እንጨት ብታስገባ፣ ታች ያለው የውኃ ቋት ሙሉ ነው። ጣቷን አፈሩ ውስጥ ብትከት ግን እስከ አንጓዋ ድረስ ደረቅ ዱቄት ነው። ልጅቱን አስጠራቻት።

«እስቲ እንዴት እንደሚዘጋጅ አሳዪኝ» አለቻት።

ልጅቱ በፍርሃት ተጠጋች፤ እጇ አፈር ሲነካ ግን ትንሽ ተረጋጋች። «ብስባሽ፣ የኮኮናት ቃጫና ቀላል ነጭ ጠጠር እንቀላቅላለን። ከዚያ ይረጥብና ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። ጨብጠሽ ስትከፍቺው ቅርጹን ይይዛል፤ ውኃ ግን አያንጠባጥብም።»

«ከዚያስ?»

«ይሄ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቅርጫት እግሩ ይባላል። ቋቱ ውስጥ የሚቆም እሱ ነው። ከሁሉ በፊት እሱ ውስጥ እርጥብ አፈር ይጠቀጠቃል፤ ውኃው ወደ ላይ የሚወጣው በእሱ ነው። እግሩ ካልተጠቀጠቀ ቋቱ ሞልቶ ተክሉ በጥም ይሞታል።»

«አራተኛውን ክፈቺው።»

ልጅቱ አፈሩን በእጇ እየዛቀች ታች ደረሰች። እግሩ ግማሹ ባዶ ነው፤ የቀረውም ደረቅ ጓል ነው። አንድ የሚከረፋ ሽታ ወጣ፤ የቆዳ ሽታ። ልጅቱ እጇን ሰብስባ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ይሄን አባቴ አልሠራውም» አለች።

አራት ሰዓት ላይ መርማሪዋ ሁሉንም ጣሪያው ላይ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። አጎትየው የልጅቱን ትከሻ አቅፎ መጣ፤ ልጅቱ ከክንዱ ሥር ለመውጣት ድፍረት አጣች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው» አለች መርማሪዋ። «እኔም ከሥሩ ልጀምር። አባባ፣ ይህን እግር የሠራው ማነው?»

«እኔ ነኛ» አለ አናጢው። «ቀዳዳውን አንድ በአንድ በስቼ።»

«ደረቅ አፈር ቢሞላበትስ?»

«ድካሜ ገደል ገባ ማለት ነው። ይህን እንኳን እኔ፣ ደንበኞቼም እስኪሰለቻቸው ሰምተውታል።»

«እንግዲህ አራተኛውን ሳጥን የሞላው ሟቹ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅ በአንድ ጠዋት አይረሳም። የሞላው ሥራውን ከላይ ከላይ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። በቱቦ ውኃ ሲጨመር አይቷል፤ እግሩ ሲጠቀጠቅ ጎንበስ ብሎ አላየም።»

«ልጅም ስትደነግጥ ትሳሳታለች» አለ አጎትየው በለሆሳስ። ክንዱ የልጅቱን ትከሻ ጠበቅ አደረገ።

«ትሳሳት ይሆናል። ግን ለምን ትሞላዋለች? ይህ ሳጥን የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ከአራት ሰዓት በኋላም በሕይወት ነበር ይላል። ጠዋት ሙሉ እዚህ ለነበረች ልጅ ይህ መታነቂያዋ ነው። አባባም ከአምስት በፊት ሐኪም ቤት ነበሩ፤ አይጠቅማቸውም። የሚጠቅመው ከአራት በፊት እዚህ ለነበረና ከአራት በኋላ ለራቀ ሰው ብቻ ነው።»

አናጢው ልጅቱን እጇን ይዞ ወደ ራሱ ሳባት።

«ደግሞ እርስዎ ለአራተኛው አፈር እያረጠበ ተለየሁት ብለውኛል» አለች መርማሪዋ ወደ አጎትየው ዞራ። «ሳጥኑ ውስጥ ያለውን አፈር ውኃ ነክቶት አያውቅም። አንድ ነገር ልጨምር። መጋዘኑ ውስጥ አራት ጆንያ ጽሕፈቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ ቆሟል። አባባ፣ ይህ ምንድነው?»

«ጋሼ ያልወደደውን ብስባሽ እንደ ሰነፍ ተማሪ ፊቱን ያዞረዋል። ወደ ግድግዳ የዞረ ጆንያ አይነካም።»

«ከአራቱ አንዱ ተከፍቷል። አራተኛው ሳጥን ውስጥ ያለው እሱ ነው። ደንቡን የምታውቁት እርስዎና ልጅቱ አትነኩትም፤ የነካው ደንቡን ያልጠየቀ ሰው ነው። ሽታው እንደሚናገረው የቆዳ ፋብሪካ ጥራጊ ነው፤ ሰው የሚበላው እንዲበቅልበት ሊሸጥ የመጣ። የጫነው» አለች ወደ አጎትየው ተመልሳ፣ «የእርስዎ መኪና ነው።»

አጎትየው መሐረቡን ፈለገ፤ ሲያጣው እጁን ኪሱ ውስጥ ተወው።

«ገጠር ድረስ መንገዱ ሩቅ ነው» አለ። «ፋብሪካው ቅርብ ነበር። ማን ያውቃል ብዬ ነው። ጋሼ አሸተተና አወቀ። ለደንበኞቼ ሁሉ አንድ በአንድ እነግራለሁ፣ ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ ብሎ ስልኩን አወጣ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ልገድለው አልነበረም። ደረጃው ላይ ተንከባለለ።»

«ከዚያ ሳጥኑን ሞሉ።»

«ከዚያ ሞላሁ።»

ፖሊሶቹ ተጠጉ። ያኔ ልጅቱ ድምፅ አወጣች።

«አጎቴ፣ ሳጥኑን ስትሞላ አባቴ ሞቶ ነበር?»

ሰውየው መሬት መሬት አየ።

«እየጠየቅኩህ ነው።»

«አልሞተም ነበር።»

«ይናገር ነበር?»

«ሚጣ፣ ሚጣ ይል ነበር» አለ። «አንቺን ነበር የሚጠራው።»

«ስንት ጊዜ?»

«አልቆጠርኩም።»

ይዘውት ወረዱ። ልጅቱ እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ከትናንት ጀምሮ ይዟት የነበረው ፍርሃት ለቋታል፤ በቦታው የገባው ግን ከፍርሃቱ የከፋ ነበር። መርማሪዋ ቀስ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች።