የማይጣበቀው ብርጭቆ

እስቲ አረፍ በሉና ስሙኝ፤ አንዲት እናት በሰው ኃጢአት ልትታሰር ምን ያህል እንደቀራት ላጫውታችሁ።

የሆቴሉ ባለቤት ትናንት ምሳ ላይ ወይን እየቀመሰ ተደፍቶ ሞተ። ሐኪሙ «መርዝ ነው» አለ። አብረውት የቀመሱት ታናሽ ወንድሙና ወይን ነጋዴው ናቸው። ቃሪያ የበዛበት ዶሮ ያቀረበችው ደግሞ አብሳይዋ። በሦስቱ ብርጭቆ የተረፈው ወይን ተመርምሮ ንጹሕ ሆነ። ሳህኖቹን ግን አብሳይዋ አጥባቸዋለች። በቃ፣ ጣት ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አባት የሌላቸው ሁለት ልጆች አሏት፤ ፖሊስ ዛሬ ሊወስዳት ነው።

መርማሪዋ ጡረታዋ የደረሰ ሴት ናት። እግሯ አብጦ ጫማዋን ጠረጴዛው ሥር አውልቃለች።

«ሳህኑን ለምን አጠብሽው?»

«እትዬ፣ ሰው ሲሞት እጄ ምን ይሥራ? ማልቀስም ማጠብም አንድ ላይ መጣብኝ።»

ወንድምየው ጣልቃ ገባ። «ወይኑንማ ሁላችንም ተፍተነዋል። ቀማሽ አይውጥም። የገደለው ምግቡ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ነጋዴው ዞረች። «እውነት ነው?»

«ብቻውን ሲቀመስ ይተፋል። ከምግብ ጋር ሲሞከር ግን ይዋጣል እንጂ! ይሄ የጀርመን ነጭ ወይን ጣፈጥ ይላል፤ የቃሪያውን እሳት ማብረዱ የሚታወቀው ሲዋጥ ነው። ሟቹም ውጧል።»

«ሌላ ወይን ነበር?»

«ስኳር የሌለው ነጭ ወይን። በሌላ ብርጭቆ ቀምሰን ከቃሪያ ጋር አይሆንም አልን። ብርጭቆዎቹ ተነሡ፣ ጠርሙሱ እዚያው ቀረ።»

«ሲወድቅስ?»

«አብሳይዋ ወተት ልታመጣ፣ እኔ መኪና ልጠራ ሮጥን። ዘበኛው ‹ሰውዬ፣ ምን ታቅፈሃል?› ሲለኝ ጣፋጩ ጠርሙስ እጄ ላይ ነው። ደንግጬ ይዤው ወጥቻለሁ!»

መርማሪዋ አልሳቀችም። አዳሩን የደረቁትን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ በጣቷ ነካች። «አምላኬ ሆይ» አለችና ሁሉንም ወደ ጠረጴዛው ጠራች።

«ሦስቱንም ንኩ።»

ነጋዴው ነካ። «የእኔ ይጣበቃል። የወንድምየውም። የሟቹ ግን… አይጣበቅም።»

«ጣፋጭ ወይን ሲደርቅ ይጣበቃል። ከአንድ ጠርሙስ ከቀዳችሁ የእሱ ምን ሆነ? ብርጭቆው ታጥቦ ስኳር የሌለው ተቀድቶበታል። በዓይን ሁለቱም አንድ ናቸው። ያጠበው ሰው ባዶው ብርጭቆ እንዳያሳጣው ሊሞላው ፈለገ፤ ጣፋጩ ግን ከነጋዴው ጋር ወጥቷል። መርዙ የነበረው ታጥቦ በሄደው ወይን ውስጥ ነው፤ ምሬቱን ጣፋጩና ቃሪያው ሸፈኑለት። አንዱ ወደ ወጥ ቤት፣ አንዱ ወደ ደጅ ሲሮጥ ሟቹ አጠገብ የቀረው ማን ነበር?»

ሁሉም ወንድምየውን አዩት።

«እጅ መታጠቢያው ከጀርባህ ነው» አለችው፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «እንደሚዋጥ አውቀህ መርዙን ጨመርህ፤ ተፍተነዋል ብለህ ደግሞ በእሷ አሳበብህ።»

ወንድምየው ትከሻው ወረደ።

«ሆቴሉን ለእሷ ሊያስረክብ ነበር። ለአብሳይ! እኔ የእናቱ ልጅ እያለሁ።»

«ጌታዬ ይቅር ይበልህ» አለች አብሳይዋ። ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። የዳነ ሰው ደስታ ፊቷ ላይ አልነበረም፤ ሽርጧን እየፈታች፣ «ልጆቼን ከትምህርት ቤት ላምጣ?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

«ሂጂ፣ እህቴ።»

ወንድምየውን ፖሊስ ወሰደው። መርማሪዋ ጫማዋን በግድ አጠለቀች።

«ለሁለቱ ወንድማማቾች እናት ማን ይነግራቸዋል?» አለች።

እሷው ሄደች። እናትየው ለአንዱ ልጃቸው ለቅሶ ተቀምጠው ነበር፤ በሩ ሲንኳኳ «ትንሹ መጣልኝ» ብለው ተነሡ።

ዛሬ ስትጸልዩ፣ እባካችሁ፣ እኚያን እናት አስቡልኝ።