ያላለቀ ሹሩባ

እኔ እኮ «ሙት መጣ፣ መንፈስ ታየ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ፊት ለፊቱ የምስቅ ሴት ነኝ፣ አሁንም ቢሆን አላምንም፣ ግን ይህችን ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

ባሌ እኔን ያገባው የመጀመሪያ ሚስቱ ትዕግስት ገና በወጣትነቷ፣ የሁለት ዓመት ልጇን ትታ ካረፈች በኋላ ነው። አሁን ልጅቷ፣ ማርታ፣ አራት ዓመቷ ነው። ያኔ ሌላው ሌላው ደህና ነበር፣ ፀጉሯን ልሠራ ስነካት ግን ጩኸቷ ልደታ ኮንዶሚኒየምን ያናውጠው ነበር፣ እማዬ ብላኝም አታውቅም ነበር፣ «አክስቴ» ነበርኩ።

የትዕግስት ሙት ዓመት ሲደርስ ደጋሿ ማን ይሁን? እኔው! ልጅቷን ምሳ አብልቼ፣ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ አስተኛኋትና በሩን ቆልፌ ግቢው ውስጥ ወደተጣለው ድንኳን ወረድኩ። እዚያ ወሬው ሁሉ ትዕግስት ነው፣ ሳቋ፣ ደግነቷ፣ አራስ ጠያቂነቷ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ የብሎኩን ሕፃናት ደረጃው ላይ ደርድራ ሹሩባ ስትሠራቸው አንዲት እንኳ አታለቅስም ነበር፣ እጇ እንዴት እንደሚለሰልስ!» አሉ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ ከዚያ ወጥ ይዤ የቆምኩትን እኔን ቀና ብለው አይተው፣ «አንቺም ትለምጃለሽ የኔ ልጅ።»

ቅናት አንጀቴን አሳረረው፣ እውነቴን ነው፣ ሞታም ትበልጠኛለች! እንጀራ ላምጣ ብዬ ወደ ቤት ወጣሁ።

በሩን ስከፍት ከመኝታ ቤት የማበጠሪያ ድምፅ ሰማሁ፣ ሸርተት፣ ሸርተት፣ ቀጥሎ የልጅቷ ሳቅ። ባሌ ነው እንዳልል ታች ከወንዶቹ ጋር ትቼው ነው የመጣሁት። ገፋ አድርጌ ገባሁ። ማርታ ብቻዋን ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች፣ ሰው ጉልበት ላይ እንደተደገፈች ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ። ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቷል፣ እመኑኝ፣ ቀጭን ቀጭን፣ ልቅም ያለ ሹሩባ!

«ማን ነው የሠራሽ?» አልኳት።

«እማዬ። ‹የቀረውን አክስትሽ ትጨርስልሽ› ብላኛለች።»

እግሬ አውጪኝ ማለት ነበረብኝ አይደል? እኔ ግን ቅናቴ ከፍርሃቴ በለጠና ቁጭ ብዬ ማበጠሪያውን አነሣሁ፣ ሞቅ ይላል። ልጅቷ ጭጭ አለችልኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከእኔ በቀር ማንም ፀጉሯን አይነካም፣ እማዬም ትለኛለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ስሠራት ሁልጊዜ መሐል ላይ ዞር ትልና፣ በትከሻዬ አሻግራ ከኋላዬ ያለውን ባዶ ቦታ እያየች ትፍለቀለቃለች። ለእኔ አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ ስቃልኝ አታውቅም።