አሥራ ሁለተኛው ስም

የመጨረሻው የስም ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ በአምስተኛው ደቂቃ ክብሪት ተጫረች።

ክብሪት ብለው ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር አላጋነኑም። ቁመቷ አጭር፣ ሰውነቷ ቀጭን፣ ንዴቷ ግን ሰፈር ያቃጥላል። የዚያን ዕለት ጠዋት ደግሞ የምትናደድበት አላጣችም። ወደ ረግረጉ ለመስክ ትምህርት ከሚሄዱት አሥራ ሁለት ተማሪዎች መካከል የእሷ ስም የለም። ይህስ ይሁን፣ ጠብቃዋለች። የላጲስም ስም የለም! በመጀመሪያው ዝርዝር የእሱ ስም በነበረበት በአሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ የኮፍያው ስም ተጽፏል። ኮፍያው ማለት በሁለት ዓመት ውስጥ ክፍል የገባባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ፣ ረግረግ ከኩሬ የማይለይ ልጅ ነው።

ላጲስን ያወቀችው በዚሁ ሰሌዳ ሥር ነበር፣ የዛሬ ዓመት። የአካባቢ ጥናት ተማሪ ሁለተኛ ዓመት ሲገባ እስከ ምረቃ የሚወስዳቸውን ኮርሶች አንድ ቅጽ ላይ ደርድሮ ማስፈረም አለበት። ነገሩ ቀልድ አይደለም። ኬሚስትሪ ሳይወሰድ አፈር አይወሰድም፤ ስታቲስቲክስ ሳይታለፍ የመመረቂያ ጥናት አይታሰብም፤ የረግረጉ ትምህርት ደግሞ አንድ ዓመት እየዘለለ ነው የሚሰጠው። እሱ ያመለጠው የውሃ ዘርፍ ተማሪ ወይ ዓመት ይጨምራል፣ ወይ ዘርፍ ይቀይራል። ክብሪት በእስክርቢቶ ሞልታ፣ ሰርዛ፣ እንደገና ሞልታ ቅጹን አበላሽታው ስታጉረመርም አንድ ረዥም ልጅ በትከሻዋ በኩል አጎንብሶ አየ።

«አፈርን ከኬሚስትሪ በፊት አስገብተሽዋል።»

«ማን ጠየቀህ?»

«ማንም» አለና ላጲሱን ዘረጋላት።

«በእስክርቢቶ የተጻፈ በላጲስ ይጠፋል እንዴ፣ አንተ ሞኝ!»

ሁለቱም ሳቁ። ስሙም በዚያው ላጲስ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዕቅዳቸውን አብረው አወጡ፤ በየሴሚስተሩ ቢያንስ አንድ ኮርስ አንድ ላይ እንዲሆን አድርገው። ክርናቸው ሲነካካ ሁለቱም መጻፍ ያቆማሉ። ለምን እንዳቆሙ ግን አንዳቸውም ተናግረው አያውቁም።

አሁንም እዚያው ቦታቸው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሲያያት ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ይባስ ቆሽቷን አሳረረው።

«ስምህ የት ገባ?»

«ሰረዝኩት። ትናንት ጸሐፊዋ ጋ ሄጄ በፊርማዬ ለቀቅኩ። አንቺ የተጠባባቂ አንደኛ አይደለሽ? እኔ ስወጣ አንቺ ትገቢያለሽ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለአንቺ ብዬ ነው።»

ይህቺን አነጋገር ክብሪት አሳምራ ታውቃታለች። ወንድም ጋሼ እያለች ያደገችው ታላቅ ወንድሟ የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን ሳይነግራት ሒሳብ አያያዝ ብሎ ሞልቶ ያስገባው ለእሷ ብሎ ነበር። ያንን ለማስቀየር ዓመት ሙሉ ተኳርፈዋል፤ ዛሬም ሰላምታቸው እንደ በፊቱ አይደለም። ወንዝና ውሃ ማጥናት በሕይወቷ የመጀመሪያው የራሷ ምርጫ ነው።

«ተጠባባቂ አንደኛ ነበርኩ!» አለች ቱግ ብላ። «ባለፈው ሳምንት ውጤት ሲታረም ሁለተኛ ሆንኩ። አንደኛው ኮፍያው ነው! አንዲት ቃል ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግርህ ነበር!»

የላጲስ ፊት አመድ መሰለ።

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! እኔም ቀረሁ፣ አንተም ቀረህ፣ ኮፍያው ቦቲ ጫማውን እየለካ ነው!»

«ልጆች፣ ቤተ መጻሕፍት ነው» አሉ የመጻሕፍት ጠባቂዋ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ ዛሬ ዝም የምልበት አንጀት የለኝም!» ወደ እሱ ዞረች። «በራሴ ውጤት ካልገባሁ ይቅርብኝ። የማንንም ምጽዋት አልለመንኩም። ደግሞስ ስድስት ሳምንት ሙሉ እዚያ ጭቃ ውስጥ አንተ ሳትኖር ማንን ላዋራ ነው?»

የመጨረሻው ሳታስበው ነው ያመለጣት። ላጲስ ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው። የመጻሕፍት ጠባቂዋ እንኳ መጽሐፍ ላይ ማኅተም መምታታቸውን አቁመው ጠበቁ። ክብሪት ምስጢሯን በገዛ አፏ ማውጣቷ ደግሞ ሌላ ንዴት ጨመረባት።

«ተነስ!» አለችው። «የሠራኸውን አንተው ራስህ ትናገራለህ።»

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያንጠለጠሉ፣ ለማንም የማይቸኩሉ ሴት ናቸው። ላጲስ እየተንተባተበ ነገራቸው።

«ልጄ፣ ፊርማ ፊርማ ነው» አሉት። «ቦታው ተይዟል።»

«ዶክተር» አለች ክብሪት፣ «አሥራ ሁለት ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?»

«መኪናው አሥራ ሁለት ወንበር ስላለው ነዋ።»

«እንዲያ ከሆነ የጠፋው ወንበር ነው እንጂ ረግረግ አይደለም! ረግረግማ ከማደሪያችን ጀርባ ተንጣሎ የለም እንዴ? ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ውሃ እያስተማራችሁን፣ እኛ በመስኮት ቆሻሻ ስንጥልበት፣ እዚያ ምን እንደሚኖር ገብቶ ያየ አንድ ሰው አለ?»

ጮኻ ነበር። ኃላፊዋ መነጽራቸውን አውልቀው በመስኮት ወደዚያ አረንጓዴ ውሃ ለረዥም ጊዜ ተመለከቱ።

«ደንቡ ይፈቅዳል» አሉ በመጨረሻ። «ሁለት ተማሪዎች ይህንን ረግረግ አንድ ላይ ያጠናሉ፣ በእኔ ተቆጣጣሪነት፣ አሥራ ሁለት ሳምንት። ከመስኩ ትምህርት እኩል ይያዝላችኋል። የጋራ ዕቅዱ ነገ ከስድስት ሰዓት በፊት ይድረሰኝ። ግን አንዳችሁ ካቋረጠ የሁለታችሁም ይሰረዛል። ሽታውንም ቻሉት።»

በደረጃው ሲወርዱ ላጲስ ሊናገር አፉን ከፈተ።

«አሁን አታናግረኝ» አለችው። ምረቃዋን፣ ዘርፏን፣ የታገለችለትን ሁሉ ሳይጠይቅ ከሚሰርዝ ልጅ ጋር ልታስር ነው? ወንድሟን ሸሽታ ሌላ ወንድም ጋሼ ልታመጣ? ዕድሉ እንዳያመልጣት ፈራች፤ ልጁን ደግሞ ከዚያ በላይ ፈራችው።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ከኃላፊዋ ቢሮ በር ፊት ለፊት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ላጲስ መጣ። የጋራ ዕቅዱን ቅጽ ሰጣት። መስመር በመስመር አነበበችው። በእስክርቢቶ ነው የጻፈው፤ ሁለት ቦታ ተሳስቶ ስርዙ እንዳለ ተቀምጧል። የእሷ ግማሽ ባዶ ነው።

«የእኔን ለምን አልሞላኸውም?»

«አልጠየቅኩሽማ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «አሁን ልጠይቅሽ መጣሁ። አብረሽኝ ትሠሪያለሽ?»

ክብሪት ቅጹን ጉልበቷ ላይ አደረገችና ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ለእኔ ብለህ ነው?»

ቀላሉን መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ አየችው፤ ሲውጠውም አየች።

«አይደለም» አለ። «ለራሴ ብዬ ነው። ካንቺ ጋር መሆን የምፈልገው እኔ ነኝ። እወድሻለሁ። እንቢ ካልሽም መብትሽ ነው።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እሱም አናደዳት። የራሷን ግማሽ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ተጭና ሞላችው፤ ከሥሩም ፈረመች።

«ንዴቴ ግን አልወጣልኝም።»

«አውቃለሁ።»

«አሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልናደድብህ እችላለሁ።»

«ጭቃው ውስጥ ቆሜ እሰማሻለሁ።»

ሳቋ ሳትፈልግ አመለጣት። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ላጲስህን አምጣ።»

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ያች ያለቀች፣ ጥግ ጥጓ የጠቆረ ላጲስ ነበረች። ክብሪት ደረት ኪሷ ውስጥ ከተተቻትና ተነሥታ በሩን አንኳኳች።

«ስትፈልጋት» አለችው፣ «ጠይቀኝ።»